የጣፊያው ምስጢር፦ ከኤደንብራ እስከ እንጅባራ

"ጣፊያ" የሚለው ቃል በእኛ አገር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የአካል ክፍል ስም ነው፤ ሁለተኛው የበሽታ ስም ነው። "እገሌን ምን ነካው?" ሲባል "ጣፊያ ይዞታል" ከተባለ ጠያቂውም መላሹም ተግባብተዋል። ግራ ጎኑ አብጧል፣ ከስቷል፣ እህል አልበላ ብሎታል ማለት ነው።

በአዊ ዞን እንዲህ ያለ ሕመም ሲመጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ወባን ነው። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። እንጅባራና ዳንግላ ደጋ ቢሆኑም በዚያው ዞን ያለው ጃዊ ቆላ ነው፤ ወባም አያጣውም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የወረደ ወጣት ደግሞ ካላዛር ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሁለቱም ጣፊያን ያሳብጣሉ። እናም የወባ ኪኒን ይዋጣል፣ ጠበል ይኬዳል፣ የባህል ሐኪም ይጠየቃል። ለብዙው ሰው ነገሩ በዚያው ያልቃል። ለጥቂቱ ግን አያልቅም፤ ጣፊያው እያበጠ ይሄዳል። ምክንያቱም የዚህ ሰው ችግር ከመጀመሪያውም ትንኝ አልነበረችም። ችግሩ ያለው በአጥንቱ መቅኒ ውስጥ ነው። ደም የምትፈጥር አንዲት ሴል የማያቋርጥ የተሳሳተ ትእዛዝ ይዛ ትራባለች።

ዛሬ የምናወጋው የዚያን ትእዛዝ ታሪክ ነው። በሽታው በሕክምናው ዓለም "ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ" ይባላል፤ ቀስ ብሎ ከሚያድጉት የደም ካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። ሐኪሞች ሥሩን እስኪያገኙት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ሥሩ ከተገኘ በኋላ ግን ያ ገዳይ በሽታ በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን የሚያዝ ሆነ። እኛን ያስጨነቀን ጥያቄ ታዲያ ይህ ነው፦ ዓለም በዚህ ድል ከተደሰተ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖታል፤ ከድሉ ለእንጅባራው ታማሚ የደረሰው ምን ያህል ነው?

ነጭ ደም

ታሪኩ ራሱ የሚጀምረው በጣፊያ ነው። ዘመኑ 1845 ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ የቋራው ካሳ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሊነግሡ ገና አሥር ዓመት ይቀራቸዋል። በስኮትላንድ፣ በኤደንብራ ከተማ፣ ጆን ሂዩዝ ቤኔት የሚባል ሐኪም አንድ የ28 ዓመት ታማሚ ገጠመው። ሰውየው ቤት የሚከድን የጉልበት ሠራተኛ ነው። ግራ ጎኑ ካበጠ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ አቅሙ ተሟጧል። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ቤኔት አስከሬኑን ሲመረምር ደሙ በነጭ የደም ሴሎች ተጥለቅልቆ አገኘው። ጣፊያና ጉበት ማበጣቸውን መዝግቦ፣ ለሞቱ ግን "ደሙ መግል ሆኖ ነው" የሚል ምክንያት ሰጠ።

በዚያው ዓመት በበርሊን የ24 ዓመቱ ወጣት ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ ስለ ተመሳሳይ ታማሚ ጻፈ። ቪርኾ የመግሉን ነገር አልተቀበለም። መግል ቢሆን ኖሮ መነሻ ቁስል ይኖር ነበር፤ ቁስል ግን የለም። ስለዚህ ነጮቹ ሴሎች ከሌላ ቦታ የመጡ ሳይሆኑ ራሳቸው ከልክ በላይ የተራቡ ናቸው አለ። በ1847 ለበሽታው ከግሪክኛ ቃላት ስም አወጣለት፦ ሉኬሚያ፣ ማለትም "ነጭ ደም"።

ስም ማውጣት ግን ማዳን አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጡት ሕክምናዎች ሁሉ የሚያዩት እብጠቱን ነበር። በ1865 አንድ ጀርመናዊ ሐኪም አርሴኒክ የተባለውን መርዝ በጠብታ ሰጥቶ ለጊዜው መሻሻል አየ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ደግሞ ያበጠውን ጣፊያ በኤክስሬይ ጨረር መምታት ተጀመረ። በ1950ዎቹ ቡሱልፋን የሚባል ኪኒን መጣ። እነዚህ ሁሉ ነጩን ሴል ይቀንሳሉ፣ ጣፊያውንም ያጎድላሉ፣ ታማሚውም ወደ ሥራው ይመለሳል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ግን በሽታው ጠባዩን ለውጦ እንደ እሳት ይነሳል፤ ያኔ የሚያቆመው አይገኝም። ቅጠሉ ይሸመጠጥ ነበር እንጂ ሥሩ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።

ከፊላደልፊያ የመጣው ፍንጭ

የሥሩን ጫፍ የጎተተው የቧንቧ ውሃ ነው ቢባል ማን ያምናል? በ1956 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ፒተር ኖዌል የሚባል ወጣት ሐኪም የሉኬሚያ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ ለማየት ሲያዘጋጅ መስታወቱን በተራ የቧንቧ ውሃ አለቀለቀው። ውሃው ሴሎቹን አሳበጣቸው፤ በውስጣቸው ተጠቅልለው የነበሩት ክሮሞዞሞችም ተዘርግተው ታዩ። ክሮሞዞም ማለት ከእናትና ከአባት የምንወርሰው መረጃ የተጠቀለለበት ክር ነው፤ ጤነኛ የሰው ሴል 46 አለው። ኖዌል ስለ ክሮሞዞም ብዙም ስለማያውቅ የሚያውቅ ሰው ፈለገ፤ ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባለ ተማሪ አገኘ። ሁለቱ በ1960 ያሳወቁት ነገር አጭር ነበር፦ በዚህ ሉኬሚያ በተያዙ ሰዎች የታመሙ ሴሎች ውስጥ አንዱ ክሮሞዞም ከወትሮው አጥሮ ይገኛል። ስሙም በከተማዋ "የፊላደልፊያ ክሮሞዞም" ተባለ። አንድ የካንሰር ዓይነት በቋሚነት ከአንድ የክሮሞዞም ጉድለት ጋር ሲያያዝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አጥሮ የተገኘው ክር ቁራጩ የት ገባ? ለዚህ መልስ 13 ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ። በቺካጎ የምትኖረው ሐኪም ጃኔት ራውሊ፣ የአራት ልጆች እናት፣ የክሮሞዞም ፎቶግራፎችን ወደ ቤቷ ትወስድና በምግብ ጠረጴዛዋ ላይ በመቀስ እየቆረጠች ታስተያይ ነበር። ልጆቿ "እማማ በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች" እያሉ ይቀልዱባት ነበር ይባላል። በ1973 የጠፋውን ቁራጭ አገኘችው። ከ22ኛው ክሮሞዞም የተቆረጠው ወደ 9ኛው ሄዷል፤ ከ9ኛውም የተቆረጠ ወደ 22ኛው መጥቷል። ሁለቱ ቁራጭ ተለዋውጠዋል።

በ1980ዎቹ ደግሞ ተመራማሪዎች በመገጣጠሚያው ላይ ያለውን አነበቡት። ከ9ኛው የመጣው "ኤቢኤል" የሚባል ጂን፣ 22ኛው ላይ ካለው "ቢሲአር" ከሚባል ጂን ጋር ተጋጥሞ በተፈጥሮ የሌለ አዲስ ጂን ተፈጥሯል፦ ቢሲአር-ኤቢኤል። በ1990 ይህንኑ ጂን በአይጦች የመቅኒ ሴል ውስጥ አስገብተው ሞከሩት፤ አይጦቹም የሰውን የሚመስል ሉኬሚያ ያዛቸው። ቪርኾ "ሴሎቹ ራሳቸው ተራቡ" ካለ ወደ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ለምን እንደሚራቡ ታወቀ።

ልጓሙ የወለቀ ፈረስ

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። ለማስረዳትም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 በዓላቸውን ሲያከብሩ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ፈረስ እንዲጋልብ ጋላቢ ኮርቻው ላይ መውጣት አለበት። እንዲቆም ደግሞ ልጓም ያስፈልገዋል። ጋላቢ የወጣበት ፈረስ ልጓሙ ቢወልቅ ምን እንደሚሆን የአዊ ሕፃንም ያውቃል።

በሴላችን ውስጥ ትእዛዝ የሚያስተላልፉ ካይኔዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሥራቸው እንዲህ ነው። ከውጭ "ተራቢ" የሚል መልእክት ወደ ሴሏ ሲደርስ ካይኔዙ ይነቃል። ኤቲፒ ከምትባለው የሴል ጉልበት አንዲት ፎስፌት ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል። ያ ፕሮቲን ነቅቶ ለቀጣዩ ያቀብላል፤ ቀጣዩም ለሌላው። በመጨረሻ ቃሉ ወደ ሴሏ ማዕከል ደርሶ ሴሏ ለሁለት ትከፈላለች። ሥራው ሲያልቅ የተለጠፈው ፎስፌት ይነሳል፣ ትእዛዙ ይሻራል፣ ሁሉም ዝም ይላል።

ኤቢኤል ከእነዚህ ካይኔዞች አንዱ ነው። በጤነኛ ሰው ውስጥ የራሱ ልጓም አለው፦ አንደኛው ክፍሉ ታጥፎ ራሱን ይቆልፋል፤ የሚፈታውም ሲፈለግ ብቻ ነው። ከቢሲአር ጋር ሲጋጠም ግን ልጓሙ ይወልቃል። በዚህ ላይ ቢሲአር እነዚህን ፕሮቲኖች እያጣመረ እርስ በርስ እንዲቀሰቃቀሱ ያደርጋል። ከውጭ መልእክት መጣም አልመጣም፣ ኤቢኤል "ተራቢ፣ ተራቢ" ይላል። ሌሎች ሴሎች ዕድሜያቸው ሲደርስ እንዲሞቱ የሚያዘው ቃል እንኳ በዚህ ጩኸት ይዋጣል። በጤነኛ ሰው አንዲት ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነጭ የደም ሴል ይገኛል፤ በዚህ በሽታ ግን ከ100,000 ማለፉ የተለመደ ነው። መቅኒው ሲጣበብ ሴሎቹ ወደ ጣፊያ ይጎርፋሉ። የኤደንብራው ሠራተኛ ጎን ያበጠው ለዚህ ነበር።

ኮርቻውን የቀደመችው ኪኒን

ምክንያቱ አንድ ፕሮቲን ከሆነ፣ ያንን ፕሮቲን ብቻ ማስቆም አይቻልም ወይ? በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህ ሐሳብ ብዙ ሰሚ አልነበረውም። በሰው ሰውነት ውስጥ ብዙ መቶ ካይኔዞች አሉ፤ አንዱን እመታለሁ ሲሉ ሌላውን መግደል ይመጣል ተብሎ ተፈራ። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በሲባ-ጋይጊ ኩባንያ የነበረው ኒኮላስ ላይደንና ባልደረቦቹ ግን ከኤቲፒ መቀመጫ ጋር የሚገጥሙ ውሁዶችን ይሠሩ ነበር። በአሜሪካ ኦሪገን ያለው ሐኪም ብራያን ድረከር እነዚያን ውሁዶች በሉኬሚያ ሴሎች ላይ ሞከራቸው። አንዷ የታመሙትን ገድላ ጤነኞቹን ባብዛኛው ተወቻቸው። ውጤቱ በ1996 ታተመ።

መድኃኒቷ ኢማቲኒብ ትባላለች። የምትሠራውም በፈረሱ ምሳሌ ቢነገር ቀላል ነው፦ ኤቲፒ ከመውጣቷ በፊት ኮርቻው ላይ ቀድማ ትቀመጣለች፤ ከተቀመጠች በኋላ ምንም አታደርግም። ጋላቢው ቦታ ያጣል፣ ፈረሱም ይቆማል።

በዚያው ዓመት ሲባ-ጋይጊ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ኖቫርቲስ ሆነ። ኩባንያው ለማምረት አመነታ፤ ታማሚዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ገበያው አያዋጣም የሚል ስሌት ነበረ። በድረከር ግፊት ሙከራው በሰኔ 1998 በሰዎች ላይ ተጀመረ። በ2001 የታተመው ውጤት ዶክተሮችን ሳይቀር አስደነገጠ፦ በቀን 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ታማሚዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤነኛ ተመለሰ። በግንቦት 2001 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቀደ። በ2006 በወጣው ጥናት መድኃኒቷን ከጀመሩት 89 በመቶው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ያ ድሮ ብዙዎች የማይሻገሩት የአምስት ዓመት ገደብ ተሰበረ።

ትምህርቱ በዚህ በሽታ ብቻ አልቀረም። በ2005 ጃክ2 የሚባል ሌላ ካይኔዝ ልጓሙን ሲያጣ ቀይ የደም ሴል ያለ ልክ እንደሚራባ ታወቀ። በሌሎች የደም ካንሰሮችም እንዲሁ የተበላሹ ትእዛዞች ተገኙ። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ ሁሉም እንደዚህ አንድ ሥር ብቻ ያላቸው አይደሉም። በልጆች ላይ የሚበዛው አጣዳፊ ሉኬሚያ ዛሬም በዋናነት በረጅም ኬሞቴራፒ ነው የሚታከመው።

ኪኒኗ አዲስ አበባ ስትገባ

ኪኒኗ ተገኘች፤ ዋጋዋ ግን የሚቀመስ አልነበረም። በአሜሪካ እንኳ ዓመታዊ ወጪው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ሲሆን፣ በ2013 ከመቶ በላይ የዚህ በሽታ ባለሙያዎች ዋጋው አግባብ አይደለም ብለው በጋራ ጽፈዋል። ታዲያ ኢትዮጵያ እንዴት ደረሰች?

መልሱ የሚጀምረው ማክስ በሚባል አንድ አርጀንቲናዊ ልጅ ነው። ማክስ በዚሁ ሉኬሚያ በ1991 በ17 ዓመቱ ሞተ። የእንጀራ እናቱ ፓት ጋርሲያ-ጎንዛሌዝ ከቤተሰቧ ጋር በ1997 በስሙ ማክስ ፋውንዴሽንን መሠረተች። በ2002 ኖቫርቲስና ይህ ድርጅት መክፈል ለማይችሉ ታማሚዎች ኪኒኗን በነፃ የሚያደርስ ፕሮግራም ጀመሩ። ኢትዮጵያም ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ሆነች፤ ለረጅም ዓመታት ዋናው በር የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ሕክምና ክፍል ነበር። በ2013 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኖቫርቲስን የፓተንት ጥያቄ ውድቅ ሲያደርግ ደግሞ በርካሽ የሚመረተው ኢማቲኒብ መንገዱ ተጠረገለት። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ኢማቲኒብን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገባ።

የእኛ ሐኪሞችም ተቀባይ ብቻ ሆነው አልቀሩም። ኪኒኗ የማትሠራላቸው ታማሚዎች አሉ፤ ኮርቻው ራሱ ቅርጹን ሲለውጥ መድኃኒቷ መቀመጫ ታጣለች። ዶ/ር ፍስሐጽዮን ታደሰ፣ ዶ/ር አምሃ ገብረመድህንና ባልደረቦቻቸው ከሲያትሉ ጄራልድ ራዲች ጋር ሆነው፣ በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ እነዚህ ለውጦች ምን ዓይነት እንደሆኑ አጥንተው በ2021 አሳትመዋል። የታማሚው ኮርቻ በምን መልክ እንደተለወጠ ካልታወቀ የትኛው ሁለተኛ መድኃኒት እንደሚገጥመው አይታወቅምና፣ ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም።

ከኮሶበር እስከ ጥቁር አንበሳ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በምዕራቡ ዓለም ይህ በሽታ የሚበዛው በስድሳዎቹ ዕድሜ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። በአፍሪካ ሆስፒታሎች የሚታዩት ታማሚዎች ግን ባብዛኛው በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ያሉ ናቸው። በእኛ አነጋገር፣ ጎተራ የሚሞላው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚልከው ሰው ማለት ነው።

ይህ ሰው እንጅባራ ነዋሪ ነው እንበል፤ በቀድሞ ስሟ ኮሶበር። ባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይርቀዋል። ኪኒኗ በነፃ ብትሰጥም ወደ እሷ የሚወስደው መንገድ በነፃ አይደለም። የአውቶቡስ ትኬት፣ የአልጋ፣ የአስታማሚ ወጪ አለ፤ ያልታረሰ ማሳም አለ። ኪኒኗ ደግሞ የአንድ ሰሞን መድኃኒት አይደለችም። ለአብዛኛው ታማሚ የዕድሜ ልክ ናት፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ በየቀኑ። ከተቋረጠች ኮርቻው ይለቀቃል፣ ጋላቢው ይመለሳል። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ይህ ለታማሚው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት የሚያስፈልገን አይመስለንም። ለጤነኛ ሰው የተዘጋ መንገድ የተሰረዘ ጉዞ ነው፤ ለእሱ ያልተዋጠ ኪኒን ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ምርመራው ነው። ኢማቲኒብ የምትሰጠው ቢሲአር-ኤቢኤል መኖሩ ሲረጋገጥ ነው፤ እየሠራች መሆኗም በየጊዜው መለካት አለበት። እዚህ ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚያገለግለው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽን፣ ለዚህ ጂን የተሠራ የራሱ ካርትሬጅ አለው። ራዲችም በወረቀት ላይ በደረቀ የደም ጠብታ መለካት የሚቻልበትን ዘዴ ሠርቷል፤ ወረቀት ደግሞ ፍሪጅ ሳይፈልግ በፖስታ ይሄዳል። ታማሚው 450 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ የደሙ ጠብታ ብትሄድለት ይሻላል።

ሦስተኛው እንቅፋት ግን ማሽንም ገንዘብም ብዙ አይፈልግም። እሱም የመጀመሪያው ጥርጣሬ ነው። ወባ ተመርምሮ ከሌለ፣ ካላዛርም ካልሆነ፣ ጣፊያውም አልጎድል ካለ፣ ቀጣዩ ጥያቄ "ነጭ የደም ሴሉ ስንት ነው?" የሚል መሆን አለበት። ይህን ለመመለስ የሚያስፈልገው ሙሉ የደም ቆጠራ ነው፤ ለዚህ ደግሞ እስከ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ቁጥሩ መቶ ሺህ ካለ ሪፈሩ በዚያው ቀን ይጻፋል። ካልተቆጠረ ግን ታማሚው ሌላ ዙር የወባ ኪኒን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቀስ ብሎ ይሄድ የነበረው በሽታም ወደ አጣዳፊው ደረጃ ይሻገራል። ያኔ ኪኒኗ ብትገኝም ጉልበቷ ያንሳል።

የኤደንብራው ቤት ከዳኝ ሲሞት በዓለም ላይ ምክንያቱን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። በማንም አይፈረድም። ዛሬ ግን ምክንያቱ ታውቋል፣ መድኃኒቱ ተሠርቷል፣ አገር ውስጥም ገብቷል። አሁን አንድ የዳንግላ ገበሬ "ጣፊያ ይዞት ነው" ተብሎ ቢቀበር ምክንያቱ የሳይንስ አለማወቅ አይሆንም፤ ደሙን የቆጠረለት ሰው አለመኖሩ ነው። እናም እናንተ አዊ ዘመድ ያላችሁ፣ ግራ ጎኑ አብጦ የወባ ኪኒን ያልረዳው ሰው ካወቃችሁ፣ ጠበሉንም ጸሎቱንም አይተው፤ ደሙ ግን ይቆጠርለት።